የተቆረጠ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። 24 ዓመቱ ነው፣ አሉሚኒየም ቤት ይሠራል። ከአራት ወር በፊት የመስኮት መስታወት ከእጁ አምልጦ የቀኝ ክንዱን በውስጥ በኩል፣ ከእጅ አንጓው አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ቆረጠው። በዚያው ዕለት ኦፕራሲዮን ሆነ። ሐኪሙ ‹ጅማቶቹንም ነርቩንም ሰፍተናል፤ ይመለሳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል› ብሎ ሸኘን። እስከ ዛሬ ግን አውራ ጣቱ፣ ሌባ ጣቱ፣ የመሃል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ግማሽ ድንዝዝ እንዳሉ ናቸው። ጣቶቹን ያጥፋል፣ የያዘው ነገር ግን አይሰማውም። የአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ሟሙቷል። ባለፈው ሳምንት የሻይ ብርጭቆ ይዞ ሲጫወት ቆይቶ ጣቱ ውሃ ቋጥሮ አየን፤ እሱ አላወቀም። አሁን ደግሞ መዳፉን ነካ ሲያደርጉት ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝረዋል። በፊት ጠባሳው ላይ ብቻ ነበር፣ አሁን ወደ መዳፉ ወርዷል። ‹ባሰብኝ› ይላል። አክስታችን ወጌሻ ይሽው ትላለች። ጎረቤታችን የነርቭ መርፌ ይወጋ ይላል። አባታችንን ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ሲመታቸው ‹የሞተው ክፍል አይተካም› ተብለን ነበር። ታዲያ የወንድሜ ነርቭ እንዴት ሆኖ ይመለሳል? ወይስ ሐኪሙ ሊያጽናናን ብሎ ነው? ሥራውንስ መቼ ይጀምር?
ግራ የገባት እህት፣ ከአዳማ»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የምሥራቹን ልንገርሽ። ወንድምሽ «ባሰብኝ» ያለው ንዝረት ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ደስ ያሰኘኝ ነገር ነው። ከጠባሳው ተነስቶ ወደ መዳፉ መውረዱ ነርቩ እያደገ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሐኪሙም ሊያጽናናችሁ ብቻ አልተናገረም። ቅር ያለኝ «ጊዜ ይፈልጋል» ብሎ እዚያው ማቆሙ ነው። ስንት ጊዜ? ለምን? እስከዚያስ ምን ይደረግ? አንድን ወጣት ይህን ሳይነግሩት በደነዘዘ እጅ ወደ ቤት ከሰደዱት፣ ወጌሻውና መርፌው ቢመጡ ምን ይገርማል? እኔም እጁን ሳላየው ነው የምጽፍልሽ፤ ስለዚህ የምልሽን ይዛችሁ ሐኪሙን ጠይቁበት እንጂ በሱ ፋንታ አትያዙት።

እስቲ መስታወቱ የቆረጠው ምን እንደሆነ እንይ። በእጅ አንጓ መሃል የሚያልፈው ነርቭ በዓይን የሚታይ፣ አራት አምስት ሚሊሜትር የሚሰፋ ነጭ ነገር ነው። ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ክሮች አሉ። እያንዳንዱ ክር የራሱ ስስ ልባስ አለው። ክሮቹ በነዶ በነዶ ይታሰራሉ፣ ነዶውም ጠንከር ያለ ልባስ አለው። ነዶዎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚይዝ ደግሞ የውጭ ሽፋን አለ። ቀዶ ሐኪሙ በማጉያ መነጽር እያየ፣ ከፀጉር በቀጠነ ክር የሚሰፋው ብዙውን ጊዜ ይህን የውጭ ሽፋን ነው። የውስጦቹን ክሮች አንድ በአንድ የሚሰፋ ሰው በዓለም ላይ የለም። ሐኪሙ ሁለቱን ጫፎች ፊት ለፊት ያገናኛል፤ የቀረውን ሥራ የሚሠራው ነርቩ ራሱ ነው። «ሰፍተናል» ማለት «ቀጥለናል» ማለት አይደለም፣ «መንገዱን አስተካክለናል» ማለት ነው።

አሁን ወደ አንዷ ክር እንግባ። ይህች ክር ራሷን የቻለች ነገር አይደለችም፣ የአንድ የነርቭ ሕዋስ ክንድ ናት። የነርቭ ሕዋስ እንደ ብዙዎቹ ሕዋሳት ኒውክሊየስ ያለበት ዋና አካል አለው። ከዚያ አካል ላይ መልእክት የሚቀበሉ አጫጭር ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ዴንድራይት ይባላሉ። መልእክት የሚልክ አንድ ረጅም ክር ደግሞ ይወጣል፤ እሱ አክሰን ይባላል። ጉዱ ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። የሕዋሱ አካል ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የወንድምሽን ሌባ ጣት ጫፍ የሚነካው ክር ግን ከአንገቱ ሥር ተነስቶ፣ በብብቱ አልፎ፣ ክንዱን ጨርሶ እስከዚያ ይደርሳል። ሰማንያ ሳንቲሜትር ያህል ማለት ነው። ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱት ሕዋሳት አካላቸው ኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ነው። ስሜት የሚያመጡት ደግሞ ከኅብለ ሰረሰሩ ጎን ባሉ ትናንሽ እብጠቶች ውስጥ ተሰብስበው ይኖራሉ። የነዚህኞቹ ክር ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ጣት ይወርዳል፣ ሌላኛው ወደ ኅብለ ሰረሰር ይገባል።

ስለዚህ መስታወቱ የቆረጠው የሕዋሳቱን ክንድ ነው። ሕዋሳቱ ራሳቸው አብዛኞቹ አንገቱ ሥር በሕይወት አሉ። የምልሽ ነገር ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ስለ አባታችሁ ስትጠይቂም ወደዚሁ ነው የምመልስሽ።

«ጣቶቹን ያጥፋል ግን አይሰማውም» ያልሽውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጣት የሚያጥፉት ጡንቻዎች እጁ ላይ ሳይሆን ክንዱ ላይ፣ ወደ ክርኑ ጠጋ ብለው ነው ያሉት። ለነሱ የሚሄዱት ቅርንጫፎች ከተቆረጠው ቦታ በላይ ከነርቩ ተለይተው ወጥተዋል። ስለዚህ አልተነኩም፤ የተሰፉት ጅማቶች እስከያዙ ድረስ ጣቱ ይታጠፋል። የአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ግን ቅርንጫፉን የሚያገኘው አንጓውን ካለፈ በኋላ ነው። እሱ ትእዛዝ ተቋርጦበታል። ትእዛዝ የማይደርሰው ጡንቻ ይሟሟል። ትንሿ ጣቱ ደህና የሆነችው ደግሞ በሌላ ነርቭ ስለምትገዛ ነው፣ በትንሿ ጣት በኩል በሚያልፈው።

መልእክቱ እንዴት እንደሚሄድ ባጭሩ ልንገርሽ፣ ኋላ ያስፈልገናል። ክሩ ሥራ ሲፈታ ውስጡ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር 70 ሚሊቮልት ያህል ኔጌቲቭ ነው። ጣት ሲነካ በክሩ ሽፋን ላይ ያሉ በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይገለበጣል። ያ ግልበጣ የሚቀጥለውን በር ያስከፍታል፣ ያኛውም ቀጣዩን። ከዚያ ፖታሲየም ይወጣና ነገሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። ክሩ ጫፍ ሲደርስ ኬሚካል ይለቀቃል፤ ጡንቻ ላይ ከሆነ አሴቲልኮሊን የሚባለው። ልባስ በሌለው ቀጭን ክር ይህ ጉዞ በሰከንድ አንድ ሜትር አካባቢ ነው። ማይሊን በሚባል ስብ በተጠቀለለ ወፍራም ክር ግን በሰከንድ መቶ ሜትር ይደርሳል፤ ምክንያቱም መልእክቱ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ነው የሚሄደው። የእግርሽን ጣት ከወንበር ጋር ስታጋጪ መጀመሪያ መጋጨትሽን ታውቂያለሽ፣ «ወይኔ» የሚያሰኘው ማቃጠል ከኋላ ይደርሳል። ሁለቱ በተለያየ ክር ነው የሚመጡት።

ማይሊኑን የሚጠቀልለው ማነው? ትምህርት ቤት ስለ ነርቭ ስንማር ኒውሮንን ብቻ ነው የሚያስተምሩን። ግን የነርቭ ኅብረ ሕዋስ ከሁለት ዓይነት ነዋሪ የተሠራ ነው፤ መልእክት የሚያስተላልፉት ኒውሮኖችና እነሱን የሚንከባከቡት ግሊያ የሚባሉ ሕዋሳት። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል ኒውሮኖች አሉ፤ ግሊያዎቹም በቁጥር ከነሱ ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። በፈተና ላይ የማይመጡ ሆነው እንጂ ነርቭ ይድናል አይድንም የሚለውን ነገር በብዛት የሚወስኑት እነሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እጅና እግር ላይ ያለውን ክር የሚጠቀልሉት ሽዋን ሕዋሳት ይባላሉ፣ ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽዋን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለገለጻቸው። አንዱ ሽዋን ሕዋስ የአንዱን ክር አንድ ቁራጭ ብቻ ነው የሚጠቀልለው፣ ቢበዛ አንድ ሚሊሜትር ገደማ። ቀጣዩን ቁራጭ ቀጣዩ ይይዛል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ነው መልእክቱ የሚዘልበት፤ ራንቪዬ በተባለው ፈረንሳዊ ስም ይጠራል።

ነርቭ ሲቆረጥ የሚሆነውን መጀመሪያ በደንብ ያየው እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዋለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1850። የእንቁራሪት ምላስ ነርቮችን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ተከታተላቸው። ከአካሉ የተለየው የክር ክፍል በቀናት ውስጥ ይበጣጠሳል፣ ይፈራርሳል። ከአካሉ ጋር የቀረው ግን ይኖራል። የወንድምሽም እንደዚሁ ነው የሆነው። ከጠባሳው በታች እስከ ጣቱ ጫፍ ያለው ክር ሁሉ ሞቷል። ሽዋን ሕዋሳቱ ግን አልሞቱም። የፈራረሰውን ክርና ማይሊን ከሌሎች ጠራጊ ሕዋሳት ጋር ሆነው ይበሉታል፣ ያጸዱታል። ከዚያ ይራባሉ፣ በቀረው ቱቦ ውስጥ ተራ ይዘው ይሰለፋሉ፣ ክር የሚያሳድግ ንጥረ ነገርም ያመነጫሉ። ክረምት ሳይገባ ደለሉ የተጠረገለት ቦይ በይው። ውሃው ሲመጣ ዱሮ የሄደበትን ያገኛል። ከላይ የቀረው የክሩ ጫፍ ማቆጥቆጥ ይጀምርና በዚያ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ወደ ጣት ይወርዳል።

ፍጥነቱ በአማካይ በቀን አንድ ሚሊሜትር ነው። በወር ሦስት ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ማለት ነው።

እንግዲህ እናስላው። ከጠባሳው እስከ አንጓው አራት ጣት፣ ሰባት ሳንቲሜትር ገደማ። ከአንጓው እስከ ሌባ ጣቱ ጫፍ 18 ሳንቲሜትር እንበል። በድምሩ 25። 250 ቀን ማለት ነው። በዚያ ላይ ጽዳቱ እስኪያልቅና ክሩ ስፌቱን እስኪሻገር አንድ ወር ጨምሪበት። ዘጠኝ ወር ሆነ። እናንተ ያላችሁት አራተኛው ላይ ነው። በአራት ወር ክሩ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ያህል ወርዶ አንጓውን አልፎ መዳፉ መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት። አንቺ ደግሞ «ወደ መዳፉ ወርዷል» አልሽኝ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?

ንዝረቱ ከየት መጣ ካልሽ፣ አዲሱ የክር ጫፍ ገና ማይሊን አልለበሰም፣ ሲነካ ይደነግጣል። መልእክቱ ወደ አንጎል ሲደርስ አንጎል ያንን ክር የሚያውቀው በዱሮ አድራሻው ነው፤ ስለዚህ መዳፉ ተነክቶ ጣቱ ላይ የነዘረው ይመስለዋል። ይህን ምልክት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915፣ ሁለት ሐኪሞች ሳይተዋወቁ ጻፉት። አንዱ ፈረንሳዊው ጁል ቲኔል፣ ሌላው ጀርመናዊው ፖል ሆፍማን። አገሮቻቸው እየተዋጉ፣ ሁለቱም በየፊናቸው የቆሰሉ ወታደሮችን ነርቭ በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ይመረምሩ ነበር።

እናንተም ቤት ውስጥ ማድረግ ትችላላችሁ። በወር አንድ ጊዜ በቂ ነው። እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፍ። ከጣቶቹ ጫፍ ጀምረሽ ወደ ጠባሳው አቅጣጫ በጣትሽ ቀስ እያልሽ መታ መታ አድርጊ። መጀመሪያ የነዘረው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጊና ከአንጓው መስመር ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለክተሽ ቀኑን ጻፊ። በየቀኑ ግን አትነካኩት፣ ያሰለቸዋል፣ ለውጡም አይታይም። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ሁለቱንም እጁን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይንከር። ደህነኞቹ ጣቶች ጫፋቸው ይጨማደዳል፤ ነርቭ ያልደረሳቸው ግን ልስልስ እንዳሉ ይወጣሉ። መጨማደዱ ቆዳው ውሃ ስለጠጣ ብቻ የሚመጣ ሳይሆን ነርቭ የሚያዘው ነገር ነውና። ወራት አልፈው ሌባ ጣቱ መጨማደድ ሲጀምር እልል በሉ። ውሃው ትኩስ አለመሆኑን ግን አንቺ ነሽ የምትለኪው፣ እሱ በቀኝ እጁ አይለካም።

ስሜቱ ሲመጣ እንዴት ሆኖ ይመጣል? ይህን ከሁሉ በተሻለ የነገረን አንድ ሰው ነው፣ ድፍረቱ ወደ እብደት የሚጠጋ። ሄንሪ ሄድ የለንደን የነርቭ ሐኪም ነበር። ታካሚዎቹን «ምን ይሰማሃል?» ሲላቸው የሚሰጡት መልስ አላረካውም። በሚያዝያ 1903 እ.ኤ.አ.፣ በ41 ዓመቱ፣ የራሱን የግራ ክንድ የስሜት ነርቭ ክርኑ አካባቢ አስቆርጦ በሐር ክር አሰፋው። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድን ካምብሪጅ ወዳለው ጓደኛው ሪቨርስ ዘንድ እየሄደ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥ ነበር። ሪቨርስ በጥጥ፣ በመርፌ፣ በሙቅና በቀዝቃዛ ነገር እየነካ ይጽፋል።

ሄድ ያገኘው ይህን ነው። መጀመሪያ የተመለሰው ጥጥ መለየቱ አልነበረም። ከሁለት ወር አካባቢ በኋላ የመርፌ ውጊያ ይሰማው ጀመር፤ ግን አስቀያሚ ሆኖ፣ ከሚገባው በላይ አንገፍጋፊ፣ የት እንደተወጋ እንኳ በትክክል መጠቆም የማይቻል። ለስላሳ ንክኪ መለየት፣ ቦታውን በትክክል ማመልከት ከዓመት በላይ ጠበቀ። ከዚህ ተነስቶ የሠራው ንድፈ ሐሳብ ኋላ ብዙ ተተችቷል። የጻፈው የስሜት ቅደም ተከተል ግን ዛሬም የእጅ ፊዚዮቴራፒስቶች ከሚያዩት ጋር ብዙ ይመሳሰላል። ስለዚህ ወንድምሽ ነገ «ጨርቅ ሲነካኝ አመመኝ»፣ «ቀዝቃዛ ውሃ አቃጠለኝ» ቢልሽ አትደናገጪ። የስሜት መመለስ መጀመሪያ የሚመጣው እንደዚህ ተበላሽቶ ነው።

አባታችሁ ጉዳይ ላይ ልምጣ። ጥያቄሽ ትክክለኛ ነው። ሁለቱም የነርቭ ኅብረ ሕዋስ ነው፣ ታዲያ አንዱ ይመለሳል ሌላው አይመለስም? አንደኛ፣ ስትሮክ የሚመታው የሕዋሱን አካል ራሱን ነው። አንጎል የሰውነት ክብደታችን ሁለት በመቶ ሆኖ ሃያ በመቶ ያህሉን ኦክስጅን የሚጨርስ አካል ነው። ደም ለደቂቃዎች ከተቋረጠበት ሕዋሱ ይሞታል። አካሉ ከሞተ ደግሞ ክር የሚያሳድግ ማን አለ? ሁለተኛ፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሽዋን ሕዋስ የለም። እዚያ ማይሊን የሚጠቀልለው ኦሊጎዴንድሮሳይት የሚባል ሌላ ግሊያ ነው፤ አንዱ ብቻውን የብዙ ክሮችን ቁራጭ ይይዛል። ጉዳት ሲደርስ ተራ ይዞ መንገድ አይጠርግም። ይባስ ብሎ የሱ ማይሊን ውስጥ የክርን እድገት የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች አሉ። አስትሮሳይት የሚባሉት ግሊያዎች ደግሞ ጉዳቱን በጠባሳ ያጥሩታል። ጉዳቱ እንዳይስፋፋ ይጠቅማል፣ ለክር ግን ግድግዳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ሳሙኤል ዴቪድና አልበርት አጓዮ አንድ ነገር አሳዩ። ከአይጥ እግር የተወሰደ የነርቭ ቁራጭ ወስደው በአንጎል ግንድና በኅብለ ሰረሰር መሃል እንደ ማገናኛ ተከሉት። «አይበቅልም» የተባለው የማዕከላዊ ነርቭ ክር በዚያ ቁራጭ ውስጥ ሳንቲሜትሮችን አደገ። ሕዋሱ ማደግ አቅቶት አልነበረም፤ አካባቢው ነበር የከለከለው። ይህ ገና ለአባታችሁ የሚሆን መድኃኒት አልሆነም። ግን «አይተካም» የተባላችሁት «ምንም አይሻሻልም» ማለት አይደለም። ከስትሮክ የሚሻሻል ሰው የሚሻሻለው የቀሩት ሕዋሳት አዲስ ግንኙነት እየፈጠሩ የሞቱትን ሥራ ከፊሉን ሲረከቡ ነው። ያ የሚመጣው በእንቅስቃሴ ነው። ሁለት ዓመት ቢያልፍም አባታችሁን አልጋ ላይ አታስተኟቸው፣ ያሠሯቸው።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ፣ ምክሩ እዚህ ነው ያለው።

የሻይ ብርጭቆው ነገር አሳስቦኛል። ከነርቩ መቆረጥ ይልቅ እጅን የሚያጠፋው እሱ ነው። የሥጋ ደዌን አስቢ። ባክቴሪያው ነርቭ የሚጎዳው እነዚሁ ሽዋን ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ነው። ሰው ጣቱን የሚያጣው ባክቴሪያው በልቶት ሳይሆን፣ በብዛት ሳያውቅ ተቃጥሎ፣ ሳያውቅ ተቆርጦ፣ ቁስሉ ሲመረቅዝ ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል፣ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ በሽታ ላይ ሲሠራ የኖረው፣ እንደዚህ ዓይነት እጅና እግር ምን እንክብካቤ እንደሚፈልግ ከማንም በላይ ያውቃል። ትምህርቱ ቀላል ነው፤ ስሜት የሌለውን እጅ በዓይን ጠብቅ። ሻይ በግራ እጁ ይያዝ። ድስት፣ ምጣድ፣ ከሰል አጠገብ ቀኝ እጁ አይጠጋ። ማታ ማታ ጣቶቹን በብርሃን ያገላብጥ፣ ጭረትና ውሃ የቋጠረ ነገር ይፈልግ። ነርቭ ያጣ ቆዳ ላብ ስለማያወጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊን አይለየው። ያሁኑን ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ከቀላ ወይም መግል ካየሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ብርድም ይጠናበታል፣ ጓንት ግዙለት።

ቀጥሎ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ። ነርቩ ደርሶ ጣቱ ቆሞ ቢያገኘው ምን ዋጋ አለው? በየቀኑ ብዙ ጊዜ፣ በግራ እጁ እየረዳ፣ አውራ ጣቱን ከመዳፉ ያርቅ፣ ወደ ትንሿ ጣቱ ያምጣ፣ ሌሎቹን አንድ በአንድ ይዘርጋ፣ ያጥፍ። ጅማትም ስለተሰፋ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠቀም ፊዚዮቴራፒስት ይንገረው። ፊዚዮቴራፒ ካልጀመራችሁ የዚህ ሳምንት ሥራችሁ እሱ ይሁን። ጡንቻ ያለ ነርቭ ለዘላለም አይጠብቅም። ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ካለፈው በኋላ ነርቩ ቢደርስም መልስ ላይሰጥ ይችላል። የወንድምሽ ቅርንጫፍ ቅርብ ስለሆነ ጊዜ አለው። በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አውራ ጣቱን ወደ ኮርኒስ ለማንሳት ይሞክር፣ አንቺ የሟሟው ሥጋ ላይ ጣትሽን አሳርፊ። ዓይን ሳያየው መጀመሪያ ጣትሽ ስር ብቅ ጥልቅ የሚል ነገር ይሰማሻል።

መዳፉና ጣቱ ስሜት ሲጀምሩ ደግሞ አንጎሉን ማስተማር አለ። የሚያድጉት ክሮች ሁሉ የዱሮ ቦታቸውን አያገኙም፤ አንዳንዱ የመሃል ጣት የነበረው ሌባ ጣት ላይ ያርፋል። አንጎል ግራ ይጋባል። ሳህን ላይ ሽምብራ፣ ሳንቲም፣ የበር ቁልፍና ቁራጭ ጨርቅ ቀላቅላችሁ አስቀምጡለት። መጀመሪያ እያየ ይዳብስ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይለይ፣ ሲሳሳት ዓይኑን ገልጦ ይይ። ለአሥር ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ልጆች ይህን በፍጥነት ይማሩታል። አዋቂ ላይ ዝግ ይላል፣ ብዙውን ጊዜም እንደ ድሮው መቶ በመቶ አይሆንም። ትኩስ፣ ስለት፣ መያዝና መልቀቅ መመለሱ የተለመደ ነው። ኪስ ውስጥ ዓይን ሳያይ ሃምሳ ሳንቲምን ከአንድ ብር መለየት ግን ሊያስቸግረው ይችላል። አሁኑኑ ቢያውቀው ይሻላል።

አክስትሽን በአክብሮት እምቢ በሏት። ወጌሻ ወለምታ ላይ የራሱ ቦታ ይኖረው ይሆናል። የተሰፋ ነርቭና ጅማት ግን መታሸት፣ መጎተት፣ «ሥሩን ማስተካከል» አይወድም። ስፌቱን ካላላው ወደ መጀመሪያው ተመለሳችሁ ማለት ነው።

የነርቭ መርፌ የሚባለው በአብዛኛው የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ ነው። ቢ12 ያነሰው ሰው ነርቩ ይጎዳል፣ ለሱ መርፌው መድኃኒት ነው። ወንድምሽ ግን ነርቩን የቆረጠው መስታወት እንጂ የቫይታሚን እጥረት አይደለም። ጎድሎት ካልሆነ በቀር አንዱን ሚሊሜትር ሁለት አያደርገውም። ቢ6 ደግሞ በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። በዚያ ላይ መቀመጫ ላይ በማይሆን ቦታ የተወጋ መርፌ የእግር ነርቭ መትቶ ሰው ያነከሰበት ጊዜ አለ። ለእጅ ብሎ እግር ማጣት ይመጣል። ገንዘቡን ለፊዚዮቴራፒ ትራንስፖርት አድርጉት። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነም ያቁም፣ ለነርቩ የሚደርሰውን ደም ያሳንሳል።

ወደ ሐኪሙ ቶሎ መመለስ ያለባችሁ መቼ ነው? በእስክሪብቶ የጻፍሽው ርቀት ሦስት ወር ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ። ስምንተኛው ወር ድረስ የአውራ ጣቱ ሥር ምንም ፍንጭ ካላሳየ። እጁ ካበጠ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ሌሊት የማያስተኛ ማቃጠል ከመጣ። ያኔ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ይታዘዝለት ይሆናል። አስፈላጊ ከሆነ ያላደገውን ከፍቶ ከእግር ቁርጭምጭሚት አካባቢ በተወሰደ የስሜት ነርቭ መተካት ይቻላል። ጡንቻው ጊዜው ካለፈበትም ሌላ ጅማት አዙሮ አውራ ጣቱን እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ አለ። ቀጠሮ ባይኖራችሁም ስድስተኛው ወር ላይ ራሳችሁ ሄዳችሁ አሳዩት። መለኪያውን የጻፍሽበትን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ።

ሥራውን በሚመለከት፣ ቤት ተቀምጦ ጣቱን እያየ ከሚተክዝ መመለሱ ይሻላል። ሐኪሙ ጅማቶቹን አይቶ ከፈቀደ ልኬት መውሰድ፣ ደንበኛ ማነጋገር፣ የመስኮት ጎማ መግጠም ይችላል። ጅማቱ ጠነከረ ማለት ግን እጁ ይሰማዋል ማለት አይደለም። ግራይንደር፣ ድሪልና መቁረጫ ማሽን በዚያ እጅ አይነካም፤ ሲንሸራተት አይነግረውም። አሠሪውን አንቺ ካስፈለገ ሄደሽ አስረጂው፣ ወንዶች «አልችልም» ማለት ያፍራሉ። መስታወት ማንሳቱንም ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዘው፣ ቢያንስ ሌባ ጣቱ ትኩስና ቀዝቃዛ እስኪለይ ድረስ።